ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማን አለ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይቆይና ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን አካል ጉዳት ወይም የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ለምታሳድጉ ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ታላቅ እህቶች፣ በየቤቱ አብራችሁ የምትለፉ ሁሉ፣ ዛሬ ቀረብ በሉ። ሥራ የያዛችሁም ሥራችሁን ሳታቋርጡ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ርዕሳችን ይሄ ነው፤ አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ ወላጆች በስልካቸው፣ በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ቡድን እንዴት ይደራጅ? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ማን ያደራጀው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እናቴ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ልጅሽ አልተኛም ብሎ ይጮኻል። ማንን ትጠሪያለሽ? ጎረቤት? ጎረቤት ተኝቷል፤ ቢነቃም በጩኸቱ ተማሮ ነው። ሐኪም? ቀጠሮሽ ገና ነው። እህትሽ? እህትሽ ትወድሻለች፤ ግን ምን እንደምትልሽ አታውቅም።

የምታውቅ ሴት ግን አለች። የእሷም ልጅ እንደ ልጅሽ ነው፤ እሷም በዚያች ሰዓት አልተኛችም። ምናልባት ሁለት ሰፈር ወዲያ ናት። ምናልባት ደሴ ናት፣ ምናልባት ሐዋሳ። ዛሬ የምንነጋገረው ሁለታችሁ እንዴት እንደምትገናኙ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ኔብራስካ በሚባለው ግዛት፣ ኦማሃ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ወላጆች አንድ ሥራ ጀመሩ። ልጇ የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት ገና የተነገራትን እናት፣ በዚሁ ነገር ውስጥ ካለፈች ሌላ እናት ጋር ማገናኘት። ሥራውን ፓይለት ፓረንትስ አሉት። ልምድ ያላቸው ወላጆች መጀመሪያ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ለአንዱ ይመደባል። ያኔ መሣሪያቸው የቤት ስልክና ቤት ለቤት መጠያየቅ ነበር። ሐሳቡ ግን ኦማሃ አልቀረም፤ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ደፍረው ከተናገሩት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት የራሳቸውን ልጅ ይዘው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ልብ አላችሁ? ኦማሃም አዲስ አበባም፣ መጀመሪያ የተነሱት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ ማዕከሎቹ ጥቂት ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው። የደብረ ማርቆሷ እናትስ? የወልድያዋስ? ለእነሱ ቶሎ ሊደርስ የሚችለው እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ስለ መደበቅ ላንሳ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን ለሕክምና ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ የልጁን ሁኔታ ሰው እንዳያውቅ ይጥር ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው። ያልመጡትስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔ ግን እዚህ ላይ እናቶቹን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። ልጇን የደበቀች እናት ምክንያት አላት። ቡና ስትጠጣ «ምን ሠርተሽ ነው?» ተብላለች። «እርግማን ነው» ተብላለች። አከራይ «ልጁ ይረብሻል» ብሎ ቤት አስለቅቋታል። ስለዚህ «ውጪ፣ ተናገሪ» ከማለታችን በፊት፣ ብትናገር የማትጎዳበትን ቦታ ማዘጋጀት አለብን።

ያ ቦታ በማን ይዘጋጅ? የዛሬው ዋና ነገራችን እዚህ ጋ ነው፤ ደግሜ እላችኋለሁ። ከእናቶቹ ጋር ይዘጋጅ። ለእናቶቹ ተብሎ፣ እነሱ በሌሉበት፣ ቢሮ ውስጥ አልቆ የሚመጣ አይሁን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቅን ሐሳብ ያለው አንድ ድርጅት አለ እንበል። ቴሌግራም ላይ ቡድን ይከፍታል። በእጁ ያለውን ስልክ ቁጥር ሁሉ ያስገባል፤ 300 እናቶች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ረጅም ጽሑፍ ይልካል። በማግስቱ የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ይልካል። «አስተያየታችሁን ስጡን» ይላል። ማንም አይናገርም። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት የበዓል አበባ ትልካለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ልብስ የምትሸጥ ሴት ትመጣለች። ቡድኑ በዚሁ ያልቃል። ድርጅቱም «እናቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

እውነት ፍላጎት የላቸውም? ወይስ የጠየቃቸው የለም?

እድርን አስቡት። የእድር ደንብ ከላይ የተጻፈ ወረቀት አይደለም። መዋጮው ስንት ይሁን፣ የቀረ ምን ይቀጣ፣ ድንኳኑ የት ይቀመጥ፣ አባላቱ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ አንዳንዴም ተቆጣጥተው ያወጡት ነው። ስለዚህ ያከብሩታል። የስልክ ቡድኑም እንዲሁ ቢወለድ ይቆያል።

(ሙዚቃ፤ ትንሽ ይቆያል)

እሺ፣ ከእናቶቹ ጋር እንሥራ አልን። ምን ብለን እንጠይቃቸው?

«ቡድን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅም። ሰው ለጨዋነት ሲል «አዎ» ይላል። ይልቅ ስለ ቀናቸው ጠይቁ። «እጅሽ ነፃ የሚሆነው መቼ ነው? ስልኩ የማን ነው? ማታ ማን አጠገብሽ ይተኛል? ካርድ የሚሞላልሽ ማን ነው?» መልሱ ቡድኑን ራሱ ይሠራዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አራት ዓመቱ ነው። ምሳ ሰዓት ነው። እናቱ ግራ ክንዷን ከአንገቱ በስተኋላ አድርጋ ይዛዋለች። በቀኝ እጇ ማንኪያ ይዛለች። አንድ ጉርሻ ታቀምሰዋለች፤ ይቆያል። ይውጠዋል፤ ወይ ያስለዋል። እንደገና። አንድ ሳህን ገንፎ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይህች ሴት በየትኛው እጇ ትጽፍልሃለች?

ስለዚህ ድምፅ። ቮይስ። ማንኪያውን አስቀምጣ፣ አንዴ ተጭና፣ ተናግራ የምትለቀው። ማንበብ ላልተማረችውም መንገድ ይከፍታል። አያቶች ይናገሩበታል። ደግሞ ድምፅ ውስጥ ድካሙ ይሰማል፤ መልስ የምትሰጠዋም ሴት ያን ሰምታ ነው የምትመልሰው።

ያቺ እናት «ልጄ ሲበላ ትን ይለዋል፤ ምን ላድርግ?» ብላ ብትልክ፣ ሌላዋ እንዲህ ልትል ትችላለች፤ «እህቴ፣ አስተኝተሽ አታብዪው። ቀና አድርገሽ አስቀምጪው። እኔ ጋቢ ጠቅልዬ በግራና በቀኙ እደግፈዋለሁ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይቀለበስ፤ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ይበል። አንቺም ከፊቱ ሆነሽ፣ ከዓይኑ ትክክል ተቀመጪ። ከላይ ስታጎርሺው ቀና ይልና ትን ይለዋል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። እስኪውጥ ጠብቂው። ክብደቱ ከቀነሰ ወይ ደረቱ ካስቸገረው ግን ሐኪም ይየው።»

ሰማችሁ? ይህ የባለሙያ ምክርም ነው። ልዩነቱ፣ ጋቢውን የጠቀለለችው እናት ስትነግራት፣ በዚያው ቀን ማታ ተግባራዊ ይሆናል።

ድምፅ ግን ለሁሉ አይሆንም። መስማት የተሳናቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ቡድኑን የሚያደራጁት ሲሰባሰቡ እነሱም ቁጭ ብለው ቢኖሩ፣ «የሳምንቱን ዋና ዋና ነገር አንድ ሰው በአጭሩ ይጻፍልን» ይላሉ። በሌሉበት ይህ ነገር ለማንም ትዝ አይለውም። ከእነሱ ጋር የምንለው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ብዙ እናቶች የሚተነፍሱት ልጁ ሲተኛ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተላከ መልእክት ማታ እስኪነበብ ከሌላው ሥር ይቀበራል። ከእነሱ ጋር የተዘጋጀ ቡድን ሰዓቱን ማታ ያደርጋል። «መልስ ካልሰጠሽ ትወጫለሽ» የሚል ደንብም አይኖረውም። ሁለት ወር ዝም ብላ ሰምታ፣ በሦስተኛው ወር አንድ ነገር የምትጠይቅ ሴት አለች። ዝም ስትል ያለች አይመስለንም፤ ግን አለች።

የኢንተርኔቱ ወጪስ? ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወጣው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮና ፎቶ ራሱን እያወረደ ጥቅሉን ይጨርሰዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ራሱ እንዳያወርድ መዝጋት ይቻላል። አዲስ አባል ስትገባ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን የሚያሳያት ሰው ይኑር። ስማርት ስልክ ለሌላት ደግሞ የኦማሃው መንገድ ዛሬም ይሠራል። አንዲት እናት ለአንዲት እናት ትመደብ፤ በተራ ስልክ ትደዋወል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ፤ ምስጢር።

የምትወያዩበትን ስትመርጡ፣ ስልክ ቁጥራችሁ ማን ጋ እንደሚታይ እወቁ። ዋትሳፕ ቡድን ውስጥ ቁጥራችሁ ለሌሎቹ አባላት ሊታይ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መወሰን ትችላላችሁ። ስምም ቢሆን የመዝገብ ስም የግድ አይደለም። እያንዳንዷ ልትጠራበት የምትወደውን ትምረጥ።

ስልኩን ከባሏ ጋር የምትጠቀም፣ ወይ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አማቷ የምታይባት ሴት አለች። መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳይል ማጥፋት ይቻላል። ማን ይነግራታል? ቀድማ የገባችው እናት።

ልጁን ደግሞ እናስብ። ፎቶው የማን ነው? ልጄ ሲወድቅ፣ አረፋ ሲደፍቅ፣ ሽንቱን ሲለቅ የተነሳ ቪዲዮ ወደ 300 ስልክ ይሂድ? ለሐኪም ማሳየት ሌላ ነገር ነው፤ የመናድ ቪዲዮ ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል። ቡድን ውስጥ ግን ማንም ስክሪንሾት አንስቶ ሊያወጣው ይችላል። ልጁ ነገ ያድጋል፤ ሰው ነው፤ ክብር አለው። እኔ በበኩሌ የልጁ ፊት የማይታይበት ቡድን ይሻላል እላለሁ። ውሳኔው ግን የእናቶቹ ነው፤ እነሱ ተከራክረው ይወስኑ። ትልልቆቹን ልጆችም ይጠይቁ።

ስለ መድኃኒት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታም ስላለባቸው መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። በድንገት ሲቋረጥ የማይቆም መናድ ሊያስነሳ ይችላል፤ ሕይወትም ይቀጥፋል። እንግዲህ አንዲት እናት በቅንነት «እኔ ልጄን አስቆምኩት፤ ደህና ሆነልኝ» ብትልና ሌላዋ ብትሰማትስ?

ስለዚህ እናቶቹ ራሳቸው የሚያስከብሩት አንድ ደንብ ይኑር። መድኃኒት አቁሚ፣ መጠኑን ጨምሪ፣ ቀንሺ አይባልም። ደግሜ ልበል፤ አቁሚ አይባልም፣ ጨምሪ አይባልም፣ ቀንሺ አይባልም። ጠበል የምትወስድም፣ ዱዓ የምታስደርግም አለች፤ ማንም አይሳቅባት፣ ማንም አይቆጣት። መድኃኒቱን ግን በዚያ ምክንያት አታቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሻጮችም ይመጣሉ። «ኦቲዝምን በሦስት ወር የሚያድን» ብለው ዱቄት፣ ቅባት፣ ጠብታ ይዘው ይመጣሉ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ልጁን የሚረዳ ሥልጠናና ትምህርት አለ፤ የሚያድን ጠብታ ግን የለም። የጨነቃት እናት የጆሮ ጌጧን ሸጣ ትገዛለች፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ቡድኑ በር ይኑረው። ቴሌግራም ላይ አዲስ ሰው ፈቃድ ጠይቆ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። በሩ ላይ ያለችው እናት አነጋግራ ታስገባው።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል፤ ይጠፋል)

በሩ ላይ ያለችው እናት አልኩ። አድሚኗ ማለቴ ነው። ስለ እሷ ማን ያስባል? እሷም ልጅ አላት። ማታ የሌላውን ለቅሶ ሰምታ፣ ሌሊት የራሷን ልጅ አገላብጣ፣ ጠዋት ሥራ ትገባለች። አንዲት ሴት ብቻዋን ከያዘችው ትታመማለች። ሦስት ይሁኑ፤ በሳምንት ይፈራረቁ። ተረኛ ያልሆነችው ቡድኑን ድምፅ አጥፍታ ትተኛ፤ ማንም አይቀየማት። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ባለሙያ፣ ነርስም ትሁን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሲከብዳቸው የሚደውሉላት ትኑር። አንዲት እናት «መኖር ሰልችቶኛል» ብላ በድምፅ ብትልክ፣ ተረኛዋ ማንን እንደምትጠራ አስቀድማ ማወቅ አለባት። ደግሞ ድርጅት ካለ፣ ለእነዚህ ሴቶች የስልክና የትራንስፖርት ይክፈላቸው። ድካማቸው ሥራ ነው።

ስለ አሳዳጊዋም የሚያስብ ሥልጠና አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ያለባቸው፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች አሳዳጊዎች የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም አለው፤ እኛም አገር ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን ይገናኛሉ፣ ሦስት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ይኬዳል። የሚያሠለጥኑት የግድ ስፔሻሊስቶች አይደሉም። ለልጁ ብቻም አይደለም፤ ስለ አሳዳጊዋ የራሷ ጤናም ትምህርት አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ደግሞ በኢንተርኔት የሚወሰድ ሆኖ ወጥቷል።

እኔን የሚስበኝ ያ በአካል መገናኘቱ ነው። የስልክ ቡድን ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም። የምትችሉ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቀን ተገናኙ፤ ስድስትም ሁኑ ሰባት። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ የታክሲ ይሰጣቸው። ልጁ ሲጮህ ማንም ዞር ብሎ የማያይበት አንድ ክፍል ውስጥ ቡና ይፈላ። ለአንዳንዷ እናት እንዲህ ያለ ቡና ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ የምትሰማው ድምፅ ፊት አለው። ለአንድ ወር በዚያው ቁጥር ይሞክሩት፤ ያልሠራውን ይጣሉት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይጥሩ።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ያልፋሉ። ትኩሳትና መናድ፣ የሳንባ ምች፣ አንድ ሌሊት። ቡድኑ ያን ቀን ምን ያደርጋል? ብዙ ቡድን አላሰበበትም። የሟች እናት ከቡድኑ ትውጣ? ማንም ውጪ አይላትም፤ ግን እሷ «ከእንግዲህ ቦታዬ አይደለም» ብላ ትወጣለች። ከዚያ ሰባት ዓመት የደከመችለትን ልጅ ስም የምታነሳበት ቦታ አይኖራትም። ደንቡ ላይ ቀድሞ ይጻፍ፤ «ልጅሽ ቢያርፍም አባላችን ነሽ።» ለቅሶ የሚደርሱት እነማን እንደሆኑ ይታወቅ። እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምታውቅ ሴት ናት፤ ስትበረታ፣ ከፈለገች፣ አዲስ የመጣችዋን ትቀበል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሰሙንም አላችሁ። ቤይሩት ወይ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች፣ ልጇን ለእናቷ ትታ የሄደች ሴት አለች። ገንዘቡን እሷ ትልካለች፤ ልጁን አያት ታገላብጣለች። ቡድኑ ውስጥ ሁለቱም ይግቡ። አያትየዋ የተማረችውን ልጅቷም ትስማ፤ «ምን አደረግሽው?» እያሉ መነቃቀፉ ይቀንሳል። አሜሪካና እስራኤል ያላችሁ ደግሞ፣ የእናንተ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሰጠው አገልግሎት እዚህ የለም። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ጥያቄ አስቀድሙ፤ «እናንተ ጋ ምን አለ?» ብላችሁ ጀምሩ። እዚህ ሲመሽ አሜሪካ ቀን መሆኑ ግን ትልቅ ሀብት ነው፤ እዚያ ያላችሁ የሌሊቱን ተራ ልትይዙ ትችላላችሁ።

አባቶችን ዛሬ ብዙም አላነሳኋቸውም። ቡድን ውስጥ ገብተው ዝም የሚሉት ለምንድን ነው? ለብቻቸው ቢሆኑስ ይናገራሉ? በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከአባቶች ጋር እንነጋገርበታለን። እስከዚያው፣ እናንተ ቤት እጅ ነፃ የሚሆነው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉልን፤ ወይም በድምፅ ላኩልን። መልሳችሁን ይዘን እንቀርባለን።

ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)